ከጋሽ ሸምሱ ላይ አንድ ጌም

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን ለሠራተኞች የስፖርት ቀን ያስገዛው ዕቃ መጣና አንዱ ባልደረባዬ የቴኒስ ኳስ ጣሳ ከፈተ። ክዳኑ «ፍስስ» አለና ያ ሽታ ወጣ፤ አዲስ ጎማ፣ አዲስ ምንጣፍና ትንሽ ቤንዚን አንድ ላይ የታሸጉበት ዓይነት ሽታ ነው። ሌላው ሰው ኳሱን መሬት ላይ እያነጠረ ሲስቅ የእኔ ደም ፈላ። «ምን ሆነሻል?» አሉኝ። ምን ብዬ ልንገራቸው? በአሥራ ሁለት ዓመቴ አሰላ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ያበገኑኝን ያህል ከዚያ ወዲህ ማንም አላበገነኝም ብል ማን ያምነኛል?

ሽማግሌው ጋሽ ሸምሱ ይባላሉ፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ቤታችን ውስጥ ከእናቴ ጀምሮ እስከ ትንሹ ወንድሜ ድረስ ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸው ነበር። ዛሬም ስለ እሳቸው ሳወራ አንቱ ማለቱን መተው አልቻልኩም። በንዴት እየተቃጠሉ አንቱ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል።

የመጡት በመስከረም፣ ስድስተኛ ክፍል የገባሁ ሰሞን ነው። እናቴ ክረምቱን ሙሉ «ወንድሜ ሊመጣልኝ ነው፣ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን!» እያለች ሰፈሩን አሙቃዋለች። እኔ ደግሞ አሰላ ያደግሁ ልጅ ነኝና ሻምፒዮን ሲባል የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሻምፒዮን ማለት ሮጦ ያሸነፈ፣ አንገቱ ላይ አበባ አጥልቆ በክፍት መኪና ከተማውን የሚዞር፣ ከዚያም ፎቅ የሚሠራ ሰው ነው። ከአዲስ አበባው ሚኒባስ የወረዱት ግን ረጅም ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። ቀኝ ጉልበታቸውን እያስታመሙ ወረዱ። አንድ ሻንጣና አንድ የሸራ ቦርሳ ይዘዋል። አባቴ የሸራውን ቦርሳ ሊቀበላቸው እጁን ሲዘረጋ «እሱን ተወው» አሉት። ውስጡ ክራር ያለ መሰለኝ።

ለምሳ እጅ ሳስታጥባቸው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ቀኝ ክንዳቸው የጎረምሳ ክንድ ነው፣ ግራው ደግሞ የሽማግሌ። ሁለቱ የአንድ ሰው ክንዶች አይመስሉም። ማንቆርቆሪያውን ይዤ ፈዝዤ ቀረሁ። በሽታ ነው፣ ሊታከሙ ነው የመጡት አልኩ በልቤ። ማታ እናቴን ስጠይቃት «በሽታ አይደለም፤ አርባ ዓመት ራኬት ይዘውበት ነው» አለችኝ። ይሄ ደግሞ ይባስ አስፈራኝ።

ከሰፈራችን በላይ፣ ወደ ጭላሎ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ የቆየ የእርሻ ፕሮጀክት ግቢ ነበር። ድሮ እዚያ ይሠሩ የነበሩ ፈረንጆች ለመዝናኛቸው የሲሚንቶ ሜዳ አሠርተው ኖሯል። እነሱ ሄዱ፣ ሜዳው ቀረ። ለእኛ ግን ሜዳው ምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ የገብስ ማስጫ ነው። የግቢው ዘበኛ ሚስት አዴ ሀሊማ በየዓመቱ ገብሷን የምታሰጣው እዚያ ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ንጹሕ፣ ጠፍጣፋ፣ አጥር ያለው ማስጫ ሮቤም ጎበሳም ብትሄድ አታገኝም።

ጋሼ በመጡ በሦስተኛው ቀን ሜዳውን አዩት። ተንበርክከው ሲሚንቶውን በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ከዚያ ጥጉን ዳበሱት፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጠረጉ። የገብስ ብናኝ የገባባቸው መስሎኝ «በውኃ ይታጠቡት» አልኳቸው።

በሳምንቱ ከአባቴ ሱቅ በተገኘ ሲባጎ መረብ ሠሩ። ኖራ በጥብጠው መስመሮቹን ነጭ በነጭ አደረጓቸው። ኖራውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ አንድ ነገር ጎደለ። ቴኒስ ለብቻ የሚጫወቱት ነገር አይደለም፣ ከመረቡ ማዶ የሚቆም ሰው ይፈልጋል። ወንድሜ ገና ጥርሱን እየነቀለ ነው። አባቴ ሱቅ አለው። እናቴ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

«ሙኒራ፣ አንቺ ሥራ የለሽም» አለችኝ።

ሥራ ነበረኝ እንጂ! ልሮጥ ነበር። አሰላ ውስጥ የማይሮጥ ልጅ ማን አለ? ጠዋት ጠዋት ጉሙ ገና አስፋልቱ ላይ ተኝቶ ሳለ ሯጮቹ በሰልፍ ሲያልፉ ከመስኮታችን አያቸዋለሁ፤ ትንፋሻቸው ይጨሳል፣ ጫማቸው ጠፍ ጠፍ ይላል። አብራኝ የምትማረው ጫልቱ ከእነሱ ኋላ መሮጥ ጀምራ ነበር። ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት ስንሯሯጥ ግን እኔ እቀድማታለሁ። የስፖርት አስተማሪያችን ቲቸር ገመቹ ሁለት ጊዜ አይቶኝ «አንቺ ልጅ፣ እግር አለሽ» ብሎኛል። ይህን ቃል ከሰማሁ በኋላ ሌላ ምንም ነገር መስማት አልፈልግም ነበር።

አባቴ ግን «ሴት ልጅ ጎህ ሳይቀድ አስፋልት ላይ? አይሆንም» ብሎ ዘጋው። አጥር ግቢ ውስጥ ከአጎቷ ጋር ከሆነ ግን ምንም አይደለም። ስለዚህ ሌላው የከተማው ልጅ ወደ ሩጫ ሲሄድ እኔ ከሽማግሌ ጋር ኳስ ልለቅም ወደ ገብስ ማስጫ ሄድኩ።

የመጀመሪያውን ወር ራኬት አላስያዙኝም። ኳስ መልቀም ብቻ! «እኔ አራት ዓመት ለቅሜያለሁ» ይላሉ። ያሉን ኳሶች ፀጉራቸው ያለቀ፣ መላጣ አሮጌ ኳሶች ናቸው። አሰላ ደጋ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ኳሱ ሲመታ ይሸሻል። አጥሩን አልፎ ስንዴ ማሳ ውስጥ ይገባል። ገብቼ አመጣለሁ። እንደገና ይሄዳል። ራኬት ከያዝኩ በኋላም አልተሻለም። መረቡ ላይ በመታሁ ቁጥር «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሉኛል። በቀን ሠላሳ ጊዜ! እኔም በቀን ሠላሳ ጊዜ እለቅማለሁ። ተረቱን ያወጣውን ሰው ባገኘው በራኬት ነበር የምለው።

አቆጣጠሩስ? ዜሮ፣ አሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ አርባ። «ለምን አርባ አምስት አልሆነም?» አልኳቸው። «አርባ ነው» አሉ። «አንድ ኳስ ለምን አሥራ አምስት ይሆናል? አንድ ኳስ አንድ ነው።» «አሥራ አምስት ነው።» የመክፈቻው ምት «ሰርቭ» ይባላል፤ አራት ነጥብ ቀድሞ ያገኘ አንድ ጌም ይወስዳል። ሁለቱም አርባ ከደረሱ «ዲውስ» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ለማሸነፍ ሁለት ነጥብ በተከታታይ ማግኘት ያስፈልጋል። አንዱን አግኝተህ ሁለተኛውን ከሳትክ ተመልሰህ ዲውስ ነህ። ይህን ሕግ የሠራው ሰው ልጅ የማሳደግ ልምድ እንደሌለው እርግጠኛ ነበርኩ።

ክንዴም ያሳስበኝ ጀመር። እንደ ጋሼ ቀኝ ክንዴ ብቻ ቢያብጥስ? አንድ ወገኑ የከበደ ሰው ሲሮጥ ወደ አንድ ጎን የሚያጋድል ይመስለኝ ነበር። በየሐሙሱ አባቴ ጨርቅ የሚለካበትን ሜትር ሰርቄ ሁለቱንም ክንዶቼን እለካለሁ። ኅዳር ላይ ቀኙ ግማሽ ጣት ያህል በለጠ። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ የውኃ ጀሪካን በግራ እጄ ብቻ ተሸከምኩ። እናቴ ቀኝ እጄን የታመምኩ መስሏት ቅቤ አሸችኝ።

ጋሼ ስንጫወት አይናገሩም። የሚያወሩት ኳስ ስንለቅም ነው። ኑሯቸውን የሰማሁት እንዲያ ጎንበስ ቀና እያልኩ ነው። በዘጠኝ ዓመታቸው ከስልጤ አዲስ አበባ ገቡ። ጫማ ጠረጉ። ከሚጠርጉበት ማዶ የውጭ አገር ሰዎች የሚዝናኑበት ክበብ ነበር፤ እዚያ ኳስ ለቃሚ ሆነው ተቀጠሩ። አንዱ አባል ተናዶ የሰበረውን ራኬት ከቆሻሻ አንስተው በሬዲዮ ሽቦ ጠመጠሙት። አባላቱ ምሳ ሲበሉ እሳቸው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ካለው ግድግዳ ጋር ይጫወታሉ። ወጥ ቤቷ ድስቷ በተንቀጠቀጠ ቁጥር እየወጣች ትረግማቸዋለች። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው በተውሶ ነጭ ልብስ የአንዱን ትልቅ ሰው ልጅ አሸነፉ። በዓመቱ የአገሩ ሻምፒዮን ሆኑ። ከዚያ ሰባት ዓመት ማንም አልነካቸውም። ናይሮቢ፣ ካርቱም፣ ካይሮ ሄደው ተጫውተዋል፤ በራኬት ብቻ እንጀራ የበሉ ሰው ናቸው።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን እያወጣጣሁ ነው። ራሳቸው የሚያወሩት የተሸነፉትን ብቻ ነው! «ካይሮ ላይ አንድ ሰርቭ አለች፣ ነፋሱን ሳልቆጥር የመታኋት…» ብለው ይጀምሩና የሩብ ሰዓት ወሬ ስለ አንድ የጠፋ ኳስ ይሆናል።

«ያሸነፉትን ይንገሩኝ እንጂ ጋሼ!»

«ያሸነፍኩትን ረሳሁት።»

«ዋንጫዎቹስ?»

«አንዱን እናትሽ ስኳር ታስቀምጥበታለች። ሌላውን እንጃ።»

«በመጨረሻ ማን አሸነፈዎት?»

«እኔው ያሠለጠንኩት ልጅ።» ኳሷን በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጓት። «ጉልበቴ አልታዘዝ ሲለኝ እሱ መጣ። ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም።»

እንግዲህ እንደዚህ ያለ ሻምፒዮን ነው የደረሰኝ። ጫልቱ ስትጠይቀኝ የማወራላት አንድ ድል እንኳ አልነበረኝም።

ታኅሣሥ ገባና የገብሱ ጦርነት ተጀመረ። አንድ ጠዋት ስንደርስ ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆኗል። አዴ ሀሊማ መሀሉ ላይ ቁጭ ብላ በእጇ ትበትናለች።

«ሀሊማ! ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ጋሼ።

«ገብስ ነዋ ጋሽ ሸምሱ። አታውቀውም እንዴ?»

«ይሄ እኮ የቴኒስ ሜዳ ነው!»

«ገብስ ይበላል። ኳስ ይበላል?» አለች። አዴ ሀሊማ አማርኛዋ በኦሮምኛ ቅላጼ የጣፈጠ ነው፤ አንተ የማትለው ሰው የለም። ወደ እኔ ዞራ «ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ እስቲ አጎትሽን ምከሪልኝ» አለችኝ። ለማን ልንገር? እኔ ከልቤ ከገብሱ ጋር ነበርኩ።

በመጨረሻ ስምምነት ላይ ተደረሰ። እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ሜዳው የኳስ፣ ከዚያ በኋላ የገብስ። ማን ይጥረግ? እኔ! በየጠዋቱ ትናንት የቀረውን ገብስ እጠርጋለሁ። አንዲት ፍሬ ከቀረች ኳስ አርፋባት አቅጣጫ ትቀይራለችና ጋሼ ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ ይመረምራሉ። የለቀሙትን ፍሬ በስኒ አጠራቅመው ለአዴ ሀሊማ ይመልሱላታል። እሷም ስኒውን እያየች «ሰውዬው ጤነኛ ነው?» ትለኛለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ስኒዋን ስትቀበል ፈገግ ማለት ጀመረች።

በዚያው ሰሞን ቲቸር ገመቹ ክፍል ገብቶ ትምህርት ቤታችን ለዞኑ ሩጫ ልጆች እንደሚልክ ነገረን። ምዝገባው ጥር ላይ ነው፣ ሰኞ ቀን። እየበረርኩ ቤት ገባሁ። አለቀስኩ፣ ምሳ አልበላም አልኩ። አባቴ ሰለቸውና «ጋሼ ከፈቀዱ እሺ» አለ። እናቴም «ጋሼ ከፈቀዱ» አለች። ሁለቱም ከራሳቸው ላይ አወረዱት።

ጋሼ ራኬታቸውን እየወለወሉ ሰሙኝ።

«መሮጥ ነው የምትፈልጊው?»

«አዎ።»

«ቴኒሱን ትተሽ?»

«አዎ።»

ራኬቱን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «አንድ ጌም አሸንፊኝ። አንድ ብቻ። ከዚያ ሂጂ።»

ሳቄን ነው ያፈንኩት። አንድ ጌም? ጉልበታቸው የተበላሸ ሽማግሌ ላይ? እኔ ቲቸር ገመቹ እግር አለሽ ያለኝ ልጅ! እስከ ዓርብ እጨርሰዋለሁ ብዬ ለጫልቱ ነገርኳት።

ዓርብ አለፈ። ሌላም ዓርብ አለፈ። ታኅሣሥ አለቀ። ሰውየው አይንቀሳቀሱም እኮ! ሜዳው መሀል እንደ ምሰሶ ቆመው እኔን ብቻ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ያመላልሱኛል። ጥግ ላይ ይጥሏታል፤ እሮጣለሁ፣ እደርስባታለሁ፣ እመልሳለሁ። እሳቸው አንድ እርምጃ ብቻ ይሄዱና በሌላው ጥግ ይጥሏታል። ሠላሳ እደርሳለሁ። አንዳንድ ቀን አርባ እደርሳለሁ። ከዚያ ሁለት ሦስት ኳስ፣ በቃ። አንድም ቀን አዝነው አልለቀቁልኝም። ሌላ አጎት ቢሆን ልጅቷ ደስ ይበላት ብሎ አንዷን መረብ ላይ አይመታም? እናቴ እንኳ ሰማችና «ኧረ ጋሼ፣ አንዷን ቢተዉላት ምን አለ?» አለቻቸው። «ከተውኩላትማ አላሸነፈችም» አሉ። ሩዛቸውን መብላት ቀጠሉ። እኔ ማንኪያዬን ወርውሬ ተነሳሁ።

የምዝገባው ሰኞ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ጋሼ «ቅዳሜ ጠዋት ስድስት ጌም እንጫወታለን፤ የመጨረሻ ዕድልሽ ነው» አሉኝ። ቁም ሣጥን ላይ የሚያስቀምጧትን ያልተከፈተች ጣሳ አወረዱ። ከአዲስ አበባ ያመጧት አንዷ ጣሳ ነበረች። ለካ ለዚህ ቀን ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አብረን አዲስ ኖራ ቀባን። እናቴ አዲሱን ሻርፗን አወጣች። ወሬው ደግሞ ሰፈሩን ዞረ፤ ሲዞር ሲዞር «ጋሽ ሸምሱና ሙኒራ የዋንጫ ጨዋታ አላቸው» ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው በር ላይ ስንደርስ ደርቀን ቀረን። ሜዳው አረንጓዴ ሆኗል። አዴ ሀሊማ ሌሊት ተነስታ ከወንዝ ዳር ሁለት ሸክም ቄጠማ አጭዳ፣ ሙሉ ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎዝጉዛዋለች። መስመር የለ፣ ሲሚንቶ የለ። ነጠላዋን አሳምራ ለብሳ አጥሩ ሥር ቆማለች።

«የዋንጫ ቀን ነው ብለው ነገሩኝ» አለች። «እንግዳ ይመጣል። ባዶ ሲሚንቶ ላይ ይሆናል እንዴ? አሳፋሪ ነው። ጋሽ ሸምሱ፣ በገብሱ ነገር አንተን አስቀይሜሃለሁ።»

ጋሼን አየኋቸው። ለአንዲት የገብስ ፍሬ ጎንበስ ብለው ሜዳ የሚያስሱ ሰው ናቸው። አሁን ይጮሃሉ ብዬ ጆሮዬን ልይዝ ስል እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ሀሊማ፣ አከበርሽን። አላህ ያክብርሽ» አሉ።

«ልጥረገው?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ለክብር የተጎዘጎዘ አይጠረግም።»

«መስመሩ አይታይም እኮ ጋሼ!»

«መስመሩ እዚያው ነው።»

ምን ይባላል? ጣሳዋን ከፈቱ፣ «ፍስስ» አለች፣ ያ ሽታ ቄጠማው ላይ ፈሰሰ። ዳኛ የለንም፤ በየበኩላችን ያረፈችውን ኳስ ገባች ወጣች ብለን የምንጠራው ራሳችን ነን፤ መስመር የነካች ገባች ናት። ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር፤ ያን ቀን ግን ኖራው ከሥር ተሸፍኗል።

አምስቱን ጌም በየተራ ወሰዱብኝ። አጥሩ ሥር የተሰበሰቡት ልጆች ኳስ በተመታች ቁጥር ያጨበጭባሉ። አዴ ሀሊማ ጋሼ መረቡ ላይ ሲመቱ እልል ትላለች፣ እኔም ስስት እልል ትላለች። እናቴ «ዝም በይ አዴ፣ ይሄ በጸጥታ ነው» ትላታለች። «ጸጥታ ለለቅሶ ነው» ትላለች እሷ።

ስድስተኛው ላይ አንድ ነገር ገባኝ። ቄጠማው ላይ ኳስ አይነጥርም፤ ካረፈበት ይሞታል። አጠር አድርጌ ከመረቡ ኋላ መጣል ጀመርኩ። ጋሼ ወደፊት መምጣት ነበረባቸው፣ ጉልበታቸው ደግሞ አይፈቅድም። አሥራ አምስት። ሠላሳ። እሳቸውም ሁለት ወሰዱ። አርባ ደረስኩ፣ አርባ ደረሱ። ዲውስ። እንደገና አጠር አድርጌ ጣልኩ። ሊደርሱባት ሲሮጡ ቄጠማው አንሸራተታቸውና በእጃቸው መሬት ነኩ። ተነሱና መዳፋቸውን አራገፉ። «አድቫንቴጅ ያንቺ» አሉ። አንድ ነጥብ ቀረኝ።

ሰርቭ አደረግሁ። መለሱ። መለስኩ። ከዚያ ያቺን ረጅሟን መቷት። በራሴ ላይ አልፋ ወደ ኋላ ጥግ ሄደች። ዞሬ ሮጥኩ፣ አልደረስኩም። ዓይኔ ግን ደረሰ። ኳሷ ስታርፍ ቄጠማው ተገለጠና ነጭ ብናኝ ቡን አለ። ሄጄ አነሳኋት። አዲሷ ኳስ ጎን ላይ ነጭ የኖራ ምልክት ነበር።

ሩጫው ታየኝ። ጫልቱ ታየችኝ። ጉሙ ውስጥ የሚሮጡት ታዩኝ። ኳሷን ቀሚሴ ላይ አሸት አደረግኋት።

«ወጣች!» አልኩ።

አዴ ሀሊማ እልል አለች። ልጆቹ አጨበጨቡ። ጋሼ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ቀሚሴን አዩ።

«ጌም» አሉ። ስንጨርስ ሁልጊዜ መረቡ ጋ መጥተው ይጨብጡኝ ነበር፤ ያን ቀን ኳሶቹን ራሳቸው ለቀሙና ወደ ቤት ሄዱ።

እሑድ ጠዋት ከጫልቱ ጋር ሮጥኩ። ይህችን ቀን ነበር ስንት ወር የጠበቅኳት! ብርዱ ጥሩ ነበር፣ እግሬ ቀሎኝ ነበር። መንገዱ በፕሮጀክቱ አጥር በኩል ያልፋል። ጋሼ ሜዳው ላይ ነበሩ። ቄጠማው ተጠርጎ ጥግ ላይ ተከምሯል። ሰርቭ ያደርጋሉ፤ ኳሷ ባዶው ሜዳ ላይ ትነጥርና አጥሩ ጋ ትቆማለች። ሦስቱንም እንዲያ መትተው ያን ጉልበታቸውን እየጎተቱ መረቡን ይዞራሉ፣ ይለቅማሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ።

«ያ ሽማግሌ ከማን ጋር ነው የሚጫወተው?» አለች ጫልቱ።

በጣም ተናደድኩ። ቤታቸው አርፈው ሻያቸውን አይጠጡም? ለምን ዛሬ? ለምን በእኔ መንገድ ላይ? ፍጥነቴን ጨመርኩ፤ ጫልቱ ከኋላዬ እየጮኸች ቀረች። ምሳ ቀረበ። ጋሼ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ይበላሉ፣ «ጨው አቀብይኝ» ከማለት በቀር ምንም አይሉም። ውሸታም ቢሉኝ እኮ እጣላቸው ነበር! ያን እንኳ ከለከሉኝ።

ሰኞ ጠዋት ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ ቦርሳዬን አንግቼ ወደ ሜዳው ሄድኩ። መስመር እያደሱ ነበር።

«ጋሼ፣ የቅዳሜዋ ኳስ መስመር ላይ ነበረች።»

ብሩሻቸውን ኖራው ውስጥ ነከሩ። «አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ? ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?» ጮህኩ። በሕይወቴ ታላቅ ሰው ላይ ስጮህ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

«በአንቺ በኩል ነው ያረፈችው። እኔ ልጠራልሽ?»

እንባዬ መጣ። እውነቱን ለመናገር ያኔ አንድ ነገር ጠብቄ ነበር። እውነቱን ስለነገርሽኝ ሂጂ ሩጪ ይሉኛል ብዬ ነበር። የሥነ ዜጋ መጽሐፋችን ላይ ያሉት ታሪኮች በሙሉ የሚያልቁት እንደዚያ ነው። ልጁ ጥፋቱን ያምናል፣ ሽማግሌው ይመርቀዋል፣ የፈለገውን ያገኛል።

ጋሼ ብሩሹን አስቀመጡ። «ስንት ለስንት ነበርን?»

«አድቫንቴጅ የእኔ ነበር።»

«ኳሷ ገብታ ከሆነስ?»

«ዲውስ።»

«ራኬት አንሺ።»

በዩኒፎርም፣ በትምህርት ቤት ጫማ ቆምኩ። ሰርቭ አደረግሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ጥሩ ሰርቭ አድርጌ አላውቅም። መለሷት፤ እኔም መለስኩ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ከዚያ ጥጉ ላይ አስቀመጧት። አንድ። በሁለተኛው ከቅዳሜው የበለጠ ሮጥኩ፤ ሹራቤ ተንሸራቶ ከትከሻዬ ወረደ፣ የጣሏት ቦታ ሁሉ ደረስኩ። በመጨረሻ በስሱ ነክተው ከመረቡ ልክ ኋላ ጣሏት። ሁለት ጊዜ ነጠረች፣ እኔ ገና መሀል ሜዳ ነኝ።

ሰውየው ሁለቱንም ወሰዷቸው! ያቺን ሁሉ እውነት ተናግሬ፣ አንዲት ኳስ እንኳ አልለቀቁልኝም። ራኬቱን ሲሚንቶው ላይ ልከሰክሰው እጄ ተነስቶ ነበር።

መረቡ ጋ እያነከሱ መጡና እጃቸውን ዘረጉ። እንደተናደድኩ ጨበጥኳቸው። ለቀቅ አላደረጉኝም፤ አጥብቀው ይዘው «ተጫውተሻል» አሉኝ። ያን ሁሉ ወር አንድም ቀን እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቱ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። እያለቀስኩ ትምህርት ቤት ገባሁ።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ቲቸር ገመቹ ወረቀት ይዞ መጣ። የመረጣቸውን ልጆች ስም ይጠራል፣ «አለሁ» ያለውን ይመዘግባል። ጫልቱ «አለሁ!» ብላ ከወንበሯ ዘለለች።

«ሙኒራ» አለ።

ደብተሬን ገለጥኩ።

«ሙኒራ የለችም?»

ጫልቱ በክርኗ ጎሸመችኝ። «ምን ሆነሻል? ቅዳሜ አሸነፍኩ አላልሽኝም?»

«አላሸነፍኩም» አልኳት። ቲቸር ገመቹ ስሜን ሰረዘና ወደሚቀጥለው ሄደ።